ባለቤት ያጣው ካርድ

የያዙኝ ዓረብ አገር፣ ወጠያ በሚባል ሰፈር፣ የምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ነው። የጠዋቱን ፈረቃ ልጀምር ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ነበር። ሁለት ሴት ፖሊሶች መጡ፤ አንደኛዋ ምንም ከመናገሯ በፊት የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደገነች። ትኩሳት እንደሌለኝ ካረጋገጠች በኋላ ነው መታሰሬን የነገረችኝ። በዚያ መሣሪያ ለወራት ሰው ስለካ የኖርኩ ነርስ ነኝና፣ ከግንባሬ አርቃ እንደያዘችው አስተዋልኩ። «ቀረብ አድርጊው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መታረም ያለበት ነገር ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ የታሰርኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው።

ወንጀሌ ደብዳቤ ነበር። ወረርሽኙ ሁሉን ነገር በዘጋበት ጊዜ ዋዲ ዓዳይ በሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነው የሚኖሩ የአገሬ ልጆች ነበሩ፤ ከማዳሞቻቸው ቤት የወጡ፣ ባጣቃ የምንለው የመኖሪያ ካርዳቸው ጊዜው አልፎ የተቃጠለባቸው ሴቶች። ከእነሱ መካከል የሚወልዱ ነበሩ። ሐኪም ቤት ከሄድን ባጣቃ እንጠየቃለን ብለው ስለሚፈሩ እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ይወልዳሉ። ልጁ የትም አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ልጅ ደግሞ ክትባት የሚያገኝበት መንገድ የለውም። እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች ደብዳቤ አረቀቅን። ፍሬ ነገሩ አጭር ነበር፤ ልጅ በእናቱ ወረቀት ምክንያት አይቀጣ፣ መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ይከተብ፣ የእናቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይታይ። እናቶቹን ሰብስበን ደብዳቤው ላይ አስፈረምናቸው። ቢሮ ከመድረሱ በፊት በዋትሳፕ ከስልክ ስልክ ዞሮ ፖሊስ ጋ ደረሰ። መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት ሰው ሰብስበሻል፣ ያለ ፈቃድ አስፈርመሻል አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ረጅምና ነጭ ነበር። በረኪና በረኪና ይሸታል። ኤሲው ቀንም ሌሊትም ስለማይጠፋ ውጭ ድንጋይ የሚያቃጥል ሙቀት እያለ እኛ ውስጥ እንንዘፈዘፋለን። ሰው ሁሉ ተራርቆ እንዲተኛ ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር ምልክት አድርገዋል፤ ፍራሾቹ ግን ከምልክቶቹ ስለሚበዙ የትም የትም ተነጥፈዋል። ማስክ ከምንበላበት ሰዓት በስተቀር ማውለቅ ክልክል ነው። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የሚታየው ዛፍ የሌለው ቡናማ የድንጋይ ተራራ ብቻ ነው።

እንደገባሁ «እንዴት ናችሁ» ብዬ ሁሉንም ሰላም አልኩ። ባንግላዴሾችም ፊሊፒኖችም ነበሩ፤ ከእኛ አገር ግን ያገኘሁት አንዲት የወሎ ልጅ ብቻ ነው። የአራት ወር ያህል ሴት ሕፃን ታቅፋለች። ድምፄን ስትሰማ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝና ሕፃኗን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ኮርታብኝ መሰለኝ። እኔም ኮራሁባት። ለሁለት ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች፣ «ውሃ አቀብዪኝ» ከማለት በስተቀር ሳንነጋገር ቆየን። ሕፃኗን ግን በዓይኔ መመርመሬ አልቀረም። አንገቷ ጠንክሯል፣ ክብደቷም ደህና ነው።

በሁለተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ በወተት አስመጣልኝ። ማስኩን ከአፍንጫው በታች አውርዶ ማድረጉ ብቻ ነበር የሚያናድደኝ። የክሊኒኩ ኃላፊ እንደለመነልኝ ነገረኝ። ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ አልገባም የሚል ወረቀት ከፈረምኩ ሐሙስ ዕለት ወደ ሥራዬ እንደምመለስ ጨመረልኝ። ከዚያ እንደዋዛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ዋዲ ዓዳይ ውስጥ ለሕፃናት ካርድ የምትጽፍ ሴት እንዳለች ሰምቷል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው የሚያወጣው የልደት ወረቀት ሐሰተኛ ሰነድ ስለሆነ ነገሩ ከደብዳቤው ይከብዳል፤ አውቃት እንደሆነ ብነግረው ይወዳል። አላውቅም አልኩት። ወደ ክፍሉ ስመለስ ሐሙስ ልፈርም ወስኜ ነበር። ጀግንነት አልተሰማኝም፤ የራሴን አልጋ ነበር የምመኘው።

ካርዱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ክሊኒክ ውስጥ ጓንት ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ካርቶን ቆርጬ፣ በነጩ በኩል፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሕፃኑን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ክብደቱንና የእናቱን ስም እጽፋለሁ። ከታች የእናትየውን አውራ ጣትና የሕፃኑን የእግር መዳፍ በሰማያዊ የማኅተም ቀለም አትምበታለሁ። ማኅተም የሚያደርግልን ቢሮ ስለሌለ ራሳቸው ማኅተም ይሁኑ ብዬ ነው። የራሴን ስም ግን አንድም ካርድ ላይ አልጻፍኩም። ያንን እንደ ብልጠት ነበር የማየው።

ረቡዕ ጠዋት ከማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ ሁለት ማስክ ደራርባለች፤ ፋይል ደረቷ ላይ አቅፋለች። ረጋ ያለች ሴት ናት። የወሎዋ ልጅ እንድትከታተላት ብላ ዓረብኛውን ቀስ እያደረገች ትናገር ስለነበር እኔም ሁሉን ሰማሁ። ቅዳሜ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ልዩ በረራ አለ። የልጅቷ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ የሕፃኗ ግን የለም። የሕፃኗ ወረቀት የት ነው?

ልጅቷ ከጡቷ ሥር የፕላስቲክ ከረጢት አወጣች፤ ከከረጢቱ ውስጥ ካርድ። ከሩቅ ያየሁት ሰማያዊውን የእግር መዳፍ ነው። ከእኔ ካርዶች አንዱ ነበር።

ሴትየዋ ካርዱን አገላብጣ አነበበችና ከፋይሏ ጋር አስተያየችው። እዚህ ላይ እናት ተብላ የተጻፈችው አንቺ አይደለሽም አለቻት። ልጅቷ ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው አለች። እውነቷን ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከአገር ስትወጣ ደላላው ዕድሜዋን ስድስት ዓመት ጨምሮ፣ በሌላ ስም ፓስፖርት አወጣላት፤ ስንቶቻችን እንዲያ ነው የመጣነው። ለእኛ ቀላል ነገር ነው። የቤት ስም አለ፣ የፓስፖርት ስም አለ። ለቢሮ ግን ሁለት ሴቶች ናቸው።

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዋዲ ዓዳይ ያንን ካርድ ስጽፍ ክፍሉ ሙሉ ሴት ተሰብስቦ ንግግር አድርጌ ነበር። ደላላ ያወጣላችሁን ስም አልጽፍም፣ ልጅ ሕይወቱን በውሸት አይጀምርም፣ እናታችሁ ያወጣችላችሁን ንገሩኝ አልኩ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ማን እንደነበረች አላስታውስም፣ «ሲስተር፣ ባጣቃው ላይ ያለው አይሻልም?» ብላኝ ነበር። ተቆጣኋት። ሌሎቹ እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው አሉና ሁሉም የቤት ስማቸውን ነገሩኝ። ካርድ የሚያስፈልገው ለቢሮ መሆኑን ረስቼ ለእውነት ጻፍኩት።

«ይህንን ማን ጻፈው?» አለች የማኅበራዊ ጉዳይዋ ሴት።

«አላውቃትም» አለች ልጅቷ። «መነጽርና ማስክ ነበራት። ፊቷን አላየሁትም።»

ይህን ስትል አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞረችም። በመጀመሪያው ቀን ለምን ወደ ግድግዳው እንደዞረች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ብዙ ሕፃን ስለማይ፣ እናቶቹም ማስክ ስለሚያደርጉ፣ እሷን አላወቅኳትም። እሷ ግን አውቃኛለች።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ጸሐፊው የማይታወቅ ወረቀት ማስረጃ እንደማይሆን አስረዳቻት። እናትነቱ ያልተረጋገጠ ሕፃን ከማንም ጋር አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ሕፃናት የሚሸጡት እንዲህ እየሆነ ነው። ስለዚህ ሕፃኗ ልጆች ወደሚጠበቁበት ቤት ትሄዳለች፣ እናትየዋ ቅዳሜ ትሳፈራለች፣ ከአገር ቤት ማስረጃ ሲላክ ሕፃኗ ትላክላታለች። የአገሬን መንገድና ቢሮ ስለማውቀው ያ ማስረጃ መቼ እንደሚመጣ መገመት አላቃተኝም። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ መኪና ይዤ እመለሳለሁ ብላ ወጣች። የሚያንገበግበኝ ሕጉ ልክ መሆኑ ነው። በደብዳቤያችን ሦስተኛው ነጥብ ላይ፣ ወላጅነቱ ሳይረጋገጥ ማንም ሕፃን ለማንም አይሰጥ ብዬ የጠየቅሁት ራሴ ነበርኩ።

ፍራሼን እየጎተትኩ አጠገቧ ሄድኩ። ድምፄን አውቃው እንደነበር ጠየቅኳት።

«ገና እንዴት ናችሁ ስትይ» አለች። «ሲስተር፣ ሰላም ስትይም ትእዛዝ ትእዛዝ ይላል እኮ።»

ሁለታችንም በማስካችን ውስጥ ሳቅን። ከዚያ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

«አንቺ ከወጣሽ ለሌሎቹ ትጽፊያለሽ» አለች። «የእኔ ኻላስ፣ አልቋል። ይቺ ናት ብዬ ብጠቁም አንቺም ትቀሪያለሽ፣ ወረቀቱንም ሐሰት ነው ይሉታል። ሁለት ጥፋት ለምን ይሁን? አላህ ያለው ይሆናል።»

ደሜ ፈላ። በማን እንደተናደድኩ አሁንም በትክክል አላውቅም፤ በእሷ፣ በራሴ፣ በዚያ ደላላ። ሌሎች ልጆች ካርድ ያግኙ ብላ ልጇን እንድትሰጥ ማን ጠየቃት? የሃያ ዓመት ልጅ ናት። አባትየው ሹፌር ነበር፤ ሕፃኗ ከመወለዷ በፊት ተይዞ ወደ አገሩ ተመልሷል። ከዚህች ሕፃን በስተቀር ከዚህ አገር ይዛ የምትሄደው ነገር የላትም። እሷ ግን መልስ ሳትጠብቅ የሕፃኗን ጨርቆች ማጣጠፍ ጀመረች። ሦስት ነበሩ። ፌስታል ውስጥ ከታ አፉን ቋጠረችው። ከዚያ የተኛችውን ሕፃን ቀስቅሳ ጡት ሰጠቻት። ሕፃኗ ጠባ፣ ጠግባ፣ ፊቷን መለሰች። እሷ መልሳ ጡቱን አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ወተቱ በአገጯ እየወረደ።

«ተያት፣ ጠግባለች» አልኳት።

«እንዲቆይላት ነው» አለች።

አንጀቴን በላችው። ሆኖም ወዲያው አልተነሳሁም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ፈራሁ። ውሌ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። የነርስነት ፈቃዱን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው ነው ፈተናውን ያለፍኩት። ደብዳቤው ይቅርታ የሚደረግለት ነገር ነው፤ ካርዱ ግን መርማሪው እንዳለው ይከብዳል። ነገ ወጥቼ ከውጭ ሆኜ እረዳታለሁ እያልኩ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። ነገ ሐሙስ ነው፤ መኪናው የሚመጣው ግን ዛሬ ነው። ከሩቅ የዙህር አዛን ሲሰማ ተነስቼ በሩን ደበደብኩ።

ዘብ የነበረችው ወጣት ፖሊስ ምን እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አልኳት። ለምን ስትለኝ የማኅበራዊ ጉዳይዋ ሴት ለምትፈልገው ማስረጃ ነው አልኳት። ጥቂት ቆይታ ይዛልኝ መጣች።

ፍራሹ ላይ ተንበርክኬ፣ የረሳሁትን ልጅቷን እየጠየቅሁ፣ የበሽተኛ መዝገብ እንደምጽፍ አድርጌ ጻፍኩት። ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሕፃኗን በተወለደች በሦስተኛው ቀን መዝኛታለሁ፤ እናትየዋ ያን ጊዜ የወለደች ሴት መሆኗን በሙያዬ አረጋግጫለሁ። አሻራውን ያተምኩት በእጄ ነው፤ አውራ ጣቷን በባጣቃ መዝገብ ካለው ጋር ማመሳከር ይቻላል። በካርዱ ላይ ያለው ስምና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም የአንዲት ሴት ናቸው። የቤት ስሟን እንድትሰጥ ያስገደድኳት እኔ ስለሆንኩ ስህተቱ የእሷ አይደለም። ልመናም ይቅርታም አልጻፍኩም።

ስሜን ጻፍኩ። ከስሜ ሥር የፈቃድ ቁጥሬን ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ቁጥሩ ከሌለ የአንዲት እስረኛ ቃል ነው፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ቁጥሩ ካለ የነርስ ምስክርነት ነው፤ ነገር ግን በማግስቱ የሚሰርዙት እሱኑ ነው። አሃዞቹን አንድ በአንድ፣ ትልልቅ አድርጌ ጻፍኳቸው። በዚያ ቁጥር ለብዙ ሰው መድኃኒት ሰጥቼበታለሁ፤ ከዚያ ዕለት የተሻለ ቦታ ላይ ያዋልኩት ግን አይመስለኝም።

ሴትየዋ ስትመለስ በአንድ እጇ ሕፃን የሚቀመጥበት የመኪና ወንበር፣ በሌላው አዲስ ብርድ ልብስና ጡጦ ይዛ ነበር። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ይህን ፋይሉ ውስጥ ካስገባሁት በኋላ መልሼ ማውጣት አልችልም።»

«አይውጣ» አልኳት።

«ሕፃኗ ምንሽ ናት?»

«ምኔም አይደለችም። ካርዷን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ፋይሏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ የማኅተም ቀለም እንዲመጣላት አዘዘች። የልጅቷን አውራ ጣት በንጹሕ ወረቀት ላይ አተመች። ካርዱን የጻፍኩት በእርግጥ እኔ መሆኔን ማየት ፈልጋ ይሁን እንጃ፣ የሕፃኗን እግር እንዴት እንደሚያትሙ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ተረከዙን ነው፣ ከዚያ ወደ ጣቶቹ እያንከባለሉ፣ ጣቶቹን ሳይጫኑ አልኳት። እንዳልኳት አደረገች። ሕፃኗ ቀለሙ ሲቀዘቅዛት ጮኸች። ሴትየዋ ብርድ ልብሱንና ጡጦውን ለእናትየዋ ትታ፣ ባዶውን ወንበር ይዛ ወጣች። በሩ እስኪዘጋ ያንን ባዶ ወንበር በዓይኔ ተከትዬ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ መርማሪው አስጠራኝ። አልጮኸብኝም። ልፈርመው የነበረውን ወረቀት ከፊቱ አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ኻላስ» አለኝ። ስለ ካርዶቹ ለብዙ ሰዓት ጠየቀኝ። ስለ ራሴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሌሎቹ እናቶች አንድም ቃል አልተናገርኩም። ፈቃዴ ተሰረዘ። ከአንድ ወር በላይ እዚያው ክፍል ቆየሁና እኔም በሌላ በረራ ተሸኘሁ።

ልጅቷ የሄደችው ግን በዚያው ሳምንት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስትጠራ የሕፃኗን የጉዞ ወረቀት አሳየችኝ። አሻራው ተመሳክሯል። የሕፃኗ ስም በሙሉ ተጽፏል፤ የእናት ስም በሚለው መስመር ላይ ደግሞ የፓስፖርቱ ስም፣ ከጎኑም የቤት ስሟ አለ። ከኋላው የልደት ማስረጃ ተያይዟል። ፊደል የተሳሳተ እንደሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ደህና ነበር። ርቀቱንም ማስኩንም ረስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሕፃኗ በመካከላችን ተጨፍልቃ ተነጫነጨች። ስለ ርቀት ስንት ሰው የተቆጣሁ ሴት ያን ጊዜ ምንም አልወጣኝም። ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ ሄደች። እኔም የቤት ስሟን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን የምሠራው አገሬ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ነው። አብረውኝ የሄዱት ቤት ሠርተዋል፤ አንዳንድ ቀን ይህ ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። ደብዳቤው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ መልስ አልመጣልንም። ዕድሉን ባገኝ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ሦስተኛውንም ነጥብ አልሰርዝም። አንድ መስመር ብቻ እጨምርበታለሁ፤ ሕፃን ከእናቱ ከመለየቱ በፊት ቢሮው እናትየዋን የቤት ስሟን ጭምር ይጠይቃት። እንዲህ ያለውን ነገር ለበላዮቼ ሁሌም እጽፋለሁ። አንዳንዱን ይቀበሉኛል፤ ያልተቀበሉትን በሚቀጥለው ወር ደግሜ እልከዋለሁ።

ያቺን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም። ሕፃኗ ግን አድጋለች፤ ዘንድሮ ወይም በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት ትገባለች። በመስከረም፣ ምዝገባ ሲጀመር፣ በየትምህርት ቤቱ በር እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲሰለፉ ሳይ እሷን አስባለሁ። ተራዋ ሲደርስ መዝጋቢው የልደት ወረቀት አላት ወይ ብሎ እናቷን ይጠይቃታል።

አላት።